ድንጋዩን አውርጂ የሚል ጠፋ

ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን
ኦክቶበር 2024

ይድረስ ለጋሼ ሕዝቅያስ፣ ደሴ

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ፣ ጨጓራዎስ? ጆሮዎን አልጠይቅም፤ በስልክ «ማነሽ? ማነሽ?» ብለው ሲዘጉብኝ መልሱን አግኝቻለሁ። ልጅዎ ያኤል ስልኩን ተቀብላ «አባዬ በወረቀት ትጻፍልኝ ብሏል» ስላለችኝ ይኸው ጻፍኩ። ወደዚያ የሚመጣ ሰው እስካገኝ ዘግይቻለሁና ይቅር ይበሉኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ አጎቴ እርስዎ ነዎት፤ ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔው ቢሰሙ ይሻላል።

«የሰው ስም አጥፍተሽ ተከሰሽ የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ላሉኝ፣ መከሰሴ እውነት ነው። ስም ማጥፋቴ ውሸት ነው።

አልታየሽ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ አምና መነጽርዎን ያመጣችልዎት ቀጭኗ ልጅ። ዌምብሊ ውስጥ በአገርዎ ልጅ በአቶ ሐብታሙ ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርራ ተገኘች። ሐኪሞቹ የቦይለሩ ጋዝ ነው አሉ። ቦይለር ማለት ውኃውንም ቤቱንም የሚያሞቀው ማሽን ነው፤ ሲበላሽ የሚተፋው ጋዝ አይሸት፣ አይታይ። ጠዋት ጠዋት ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ መስሎ ይወስዳል። አልታየሽን አልገደላትም። ዛሬ ስሟን ስጠራት ትስቃለች እንጂ አቤት አትልም፤ የሚያጎርሷት ሰዎች ናቸው።

ሐብታሙ ክፍሏ ውስጥ ከሰል አንድዳ ነው ይላል። እቃዋን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ፤ የከሰል ዘር አላየሁም። ከዚያ በኋላ ሠራተኛ አምጥቶ የቦይለሩን ክዳን ብቻ አስለወጠ። ውስጡ ያው እንደሆነ ሠራተኛው ራሱ ለተከራዮቹ ነግሯቸዋል። ልጆቹ ዛሬም እዚያ ያድራሉ፣ የት ይሂዱ? ስለዚህ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ያ ቦይለር ሰው ይገድላል፤ ሳይቀየር ማንም እንዳይገባበት» አልኩ። በማኅበሩ ፌስቡክም ጻፍኩት። ያልኩት ይኸው ነው፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ እደግመዋለሁ።

ብዙ ሳይቆይ የሐብታሙ ጠበቆች ወረቀት መጣ። ሚካል የምትባል በነፃ የምትረዳኝ ጠበቃ፣ እዚህ ሶሊስተር የሚሏት፣ አለች፤ እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት። «ሮሚ፣ ይሄ ሰውዬ ዊን ማድረግ አይደለም የሚፈልገው፤ ደክሞሽ ዝም እንድትዪ ነው» አለችኝ። እንዲህ ያለውን ክስ ገና ከጅምሩ የሚጥል አዲስ ሕግ አለ ስትለኝ እንዴት ደስ አለኝ መሰልዎ። ወረድ ብላ ስታስረዳኝ ግን ሕጉ የሚከልለው የገንዘብ ወንጀል ያጋለጠን ሰው ብቻ ነው። ሌባ ብዬው ቢሆን ኖሮ ተከልዬ ነበር። ሰው አፈነ ስላልኩ ሜዳ ላይ ቀረሁ።

ምን ይመክሩኛል? ዳኛ ነበሩና ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ።

እጅ የምነሣዎ
ሮማንወርቅ


ደሴ
ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮማንወርቅ

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት አንቺ በላክሽው መነጽር ነው፤ ጥሩ ያሳያል። ያቺን ልጅ እግዚአብሔር ይማርልን።

በኋላ በላክሽው ወረቀት «ልሟገት ወይስ ልታረቅ?» ብለሻል። እኔ በዳኝነት ዘመኔ ተሟግቶ ደስ ብሎት የወጣ ሰው አላየሁም። የፈረድኩላቸውም የፈረድኩባቸውም ሲረግሙኝ ኖረዋል። ታረቁ ብዬ የሸኘኋቸው ግን ዛሬም ፒያሳ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣ ያነሡልኛል።

የሐብታሙ ታላቅ ወንድም እዚሁ ደሴ ነው የሚኖረው፤ ቤቴ መጥቶ ነበር። ጨዋ ሰው ነው። «ወንድሜን የከፋው በሰው ፊት መዋረዱ ነው። ዝቅ ብላ ብትመጣ ክሱን ያነሣል፣ ቦይለሩንም ይቀይራል» አለኝ። ቃሉን ተቀብያለሁ።

እንግዲህ የምልሽን ስሚ። እዚያ ያሉት ሽማግሌዎች ይቀመጡ፤ አንቺም ድንጋይ ተሸክመሽ ግቢ። አትሳቂ። ድንጋይ መሸከም ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም፤ ታናሽ ነኝ፣ እርቅ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ገና ከበሩ ስትታዪ «አውርጂ፣ አውርጂ» እያሉ ይነሣሉ። ታናሽ አጎንብሳ ሳለ ታላቅ ተኮፍሶ መቀመጥ ያሳፍረዋል። ሐብታሙ ተነሥቶ ይስምሻል፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ወደ እሱ ዞረው የቦይለሩን ነገር ይፈርዱበታል። አገሩ እንግሊዝ ቢሆንም ሰዎቹ የእኛው ናቸው። ያችን ሶሊስተር ሳታማክሪ ሂጂ፤ ጠበቃ ባለበት እርቅ አይወርድም።

ያኤልን ለንደን ያለ ኮሌጅ ተቀብሏታል። ቪዛ እየጠበቀች ነው፣ ከአሁኑ ልብሷን ታጥፋለች።

አጎትሽ ሕዝቅያስ


ለንደን
ጃንዋሪ 2025

ጋሼ፣ እንኳን ለልደቱ አደረሰዎት። መልካም ዜና ይዤ ልጽፍ ብዬ ነበር የቆየሁት፤ ስለ መዘግየቴ ይቅርታ።

«እርቁ እንዴት ሆነ? ሁሉም ለምን ዝም አሉኝ?» ብለው ጠይቀዋል። የሆነውን ልንገርዎት።

ቦታው ዌምብሊ፣ ማኅበሩ የሚከራየው አዳራሽ ነው። ድንጋይ ከየት ላምጣ? ለንደን ውስጥ ድንጋይ ሁሉ ባለቤት አለው። ከመኪና ማቆሚያው ዳር የተነቀለ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ አገኘሁ። ነጠላዬን አጣጥፌ አንገቴ ላይ አድርጌ በላዩ ጫንኩት። ፈረንጆቹ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ያዩኛል። «ከበሩ ስትታዪ ይነሣሉ» ያሉኝን እያሰብኩ ገባሁ።

ማንም አልተነሣም። ሽማግሌዎቹ ተደርድረዋል፣ ሐብታሙ መካከላቸው ነው። አጎንብሼ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ፣ እንደ ወጉ። አውርጂ የሚል ጠፋ። ጋሽ ብርሃኑ የሚባሉት ደጉ ሽማግሌ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሐብታሙ እጁን ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረገባቸው። እሳቸውም የእሱ ተከራይ ናቸው። «ምኑን ነው ያጠፋሽው? አብራርተሽ ተናገሪ» አለኝ ሐብታሙ። ከድንጋዩ ሥር ሆኜ «የተናገርኩትን» አልኩ። «ስለዚህ ውሸት ነበር?» አለ። ጋሼ፣ በእርቅ ላይ እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ይህን አልነገሩኝም። እንዲያልቅልኝ ብዬ «እንዳሉት ይሁን» አልኩ። ያኔ «በቃ» ብሎ ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ። ድንጋዩን ራሴው አወረድኩ። የሳመኝ የለም፤ የቦይለሩን ስም የጠራም የለም።

አንዲት ሴት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስልኳ ስትቀርጽ ነበር። ለመታሰቢያ መስሎኝ ነበር። ቪዲዮው ከጠበቆቹ ለሚካል ተላከላት፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ። የተናገረችው ውሸት መሆኑን ራሷ በሽማግሌ ፊት አምናለች ይላል። ሚካል እያየችው አለቀሰች። «ሳትነግሪኝ ለምን ሄድሽ? አሁን ይሄንን ለዳኛው እንዴት ኤክስፕሌን ላድርገው?» አለችኝ። ካልቸር ነው በዪው አልኳት። አንገቱ ላይ ድንጋይ የጫነ ሰው አይቶ ንጹሕ ነው የሚል እንግሊዛዊ የት ይገኛል።

ቲክቶክ ላይም ወጥቷል፣ ዘፈን ተደርጎበት። በሥራዬ የምንከባከባቸው ሴትዮ የልጅ ልጅ ሳይቀር አይቶ ሳቀ። አውቶቡስ ላይ ሐበሻ ሳይ እወርዳለሁ።

እርስዎ ይህ እንደሚሆን አላወቁም ነበር?

ያኤል ስትመጣ እኔ ዘንድ ትረፍ። ሳሎን ያለው ሶፋ ይዘረጋል።

ሮማንወርቅ


ደሴ
የካቲት 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሮማን፣ በጤናሽ ነሽ ወይ?

አላወቁም ነበር ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ዳኛን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አላሳደግሁም። ሥርዓቱን ያፈረሱት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ነውሩም የእነሱ ነው። እኔ የነገርኩሽ አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩትን ነው። ከዚህ በላይ አንድ ቃል ጽፌ ነበር፣ ሰርዤዋለሁ፤ ስርዙ ይታይሽ ይሆናል።

አሁን ማስተዋል ነው። በአደባባይ አጥፍቻለሁ ካልሽ በኋላ አላጠፋሁም ብለሽ ብትቆሚ የሚያምንሽ የለም። እነሱ የሚሉትን ፈርመሽ ተገላገዪ። አፍ ቢዘጋ ሰው አይሞትም።

ያኤል ቪዛዋን አገኘች። እኔ ዘንድ ትረፍ ማለትሽ የእናት ልብ ነው፤ ተባረኪ። ነገር ግን ስምሽ ፍርድ ቤት ያለ ሰው ነሽ፤ ልጅቷ ገና እግሯ አገሩን ሳይረግጥ ከክርክር ጋር እንዳትነካካብኝ። ጥሩ ሰዎች ዘንድ ማረፊያ ተገኝቶላታል፣ ለኮሌጁም ቅርብ ነው አሉኝ። ነገሩ እስኪበርድ አትፈልጊያት። እሷንም አስጠንቅቄያታለሁ። አትቀየሚኝ።

አጎትሽ


ለንደን
ሜይ 2025

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

«ምን ምን ላይ ፈረምሽ?» ላሉት፦ ስለዚያ ቤት፣ ስለ ቦይለሩ፣ ስለ አልታየሽ አወዳደቅ፣ ለማንም ሰው፣ በየትኛውም ቋንቋ፣ በቃልም በጽሑፍም እንዳልናገር ለፍርድ ቤቱ ቃል ገብቻለሁ። ካፈረስኩ እስር አለበት። የታሰረችን ሴት ደግሞ የአሮጊት ገላ እንድታጥብ የሚቀጥር የለም፤ የወንጀል መዝገባችንን ቼክ ያደርጋሉ። ማኅበሩ ፌስቡክ ላይ የምለጥፈውንም እነሱው ጽፈው ሰጡኝ። ለጠፍኩት። ብዙ ሰው ላይክ አደረገው።

ሚካል እስከ መጨረሻው እንሟገት ብላ ነበር። ብንሸነፍ የማይከፈል እዳ ውስጥ እንደምገባ ግን አልደበቀችኝም። ፈራሁ፣ ጋሼ። ያችን ልጅ የመሰለ ጠበቃ እያለኝ ፈራሁ።

ከመፈረሜ በፊት የማስረጃቸውን ጥራዝ አሳዩኝ። ለእርስዎ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ እዚያ አለ። ሙሉው ተተርጉሟል፣ የጨጓራዎ ነገር ሳይቀር። ማን ሰጣቸው ብዬ አልጠይቅም።

አልታየሽን በእረፍት ቀኔ ሄጄ አያታለሁ። እሷንም ስለ ቤቱ እንዳላነሣባት ተከልክያለሁ። ፀጉሯን አበጥርላትና እመለሳለሁ።

ያኤል ገባች አይደል? እንዴት ናት?

ሮማንወርቅ


ደሴ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ራቀብኝ። እኔም ቆይቻለሁ፤ ክረምቱ ጉልበቴን ይዞኝ ነው።

ያንን ደብዳቤ ለሐብታሙ ወንድም ያሳየሁት እኔ ነኝ። ቀና ልብሽን ይይልሽ ብዬ ነው። አንብቤ እመልሳለሁ ብሎ ወሰደው። ለእርቅ የገባ ሰው ምን ይደብቃል?

ያኤል እንዴት ናት ብለሻል። ትምህርቱን ወዳዋለች። ብርዱ ከገባ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማታል፣ ያቅለሸልሻታል። ውጪ ስትውል ይተዋታል ትላለች። የለንደን ብርድ እንዲህ ያደርጋል?

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። ያ የሐብታሙ ቤት ቦይለር በእርግጥ አንቺ እንዳልሽው ነው? ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም? ብዙ አትጻፊ፤ አዎ ወይም አይደለም በዪኝ። ይህን ወረቀት ለማንም አላሳይም።

አጎትሽ ሕዝቅያስ


ለንደን
ኖቬምበር 2025

ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? እኔ ሥራ እሄዳለሁ፣ እገባለሁ።

አዎ ወይም አይደለም በዪኝ ላሉት፣ ሁለቱንም በፊርማዬ አስረክቤያለሁ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ጠዋት ጠዋት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ። ይህ እኮ የእኔው ቃል ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ የጻፍኩልዎት፣ ጠበቆቹ ጥራዝ ውስጥ ያየሁት። አሁን በያኤል አፍ ተመልሶ መጣልኝ። ሲጽፉ አጠገብዎ ማን ተቀምጦ ነበር? ወንድምየው ነው? አንድ ቃል እንድጽፍልዎትና ያ ቃል ተተርጉሞ ዳኛ ፊት እንዲቀርብብኝ ነው? አንገቴ ላይ ድንጋይ አስጫኑኝ፣ ደብዳቤዬን አሳልፈው ሰጡ፣ አሁን ደግሞ በገዛ ልጅዎ ሕመም ያጠምዱኛል። አባቴ ቢኖር ምን ይልዎት ነበር።

ስለዚህ የምመልስልዎት የፈረምኩትን ነው። እርስዎም ያንብቡት፣ አጠገብዎ ያለውም ያንብበው። ለብቻው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ፦

«በዌምብሊ የሚገኘው የአቶ ሐብታሙ ቤት ለኑሮ የተመቸ ነው። ቦይለሩ ጉድለት የለበትም። ቀደም ሲል የተናገርኩት ሐሰት ነው። ሮማንወርቅ።»

ያኤል እውነት ካመማት ሐኪም ትሂድ። የት እንዳለች ቢጽፉልኝ አውቶቡስ ይዤ ሄጄ አያት ነበር፤ ሰው መጠየቅ አልተከለከልኩም። እርስዎ ግን አትፈልጊያት ብለውኛል። እሺ ብያለሁ።

ሮማንወርቅ


ደሴ
ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሮማንወርቅ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ተቆጥተሽኛል። ይገባኛል፣ አልፌዋለሁ። እኔ የያዝኩት ያቺን የፈረምሽባትን ገጽ ነው። ዳኛ ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝና ፊርማ ያለበትን ነገር አምናለሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ።

አጠገብዎ ማን ነበር ላልሽው፣ ማንም አልነበረም። አሁን ልቤ ስላረፈ የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ያኤል ያለችው እዚያው ቤት ነው። ቪዛዋን ስንጠብቅ የሐብታሙ ወንድም ክፍሉ ያለ ኪራይ ይሁንላት አለ። ፈርሚ ያልኩሽ በዚያው ሰሞን ነው። ሁለቱን ነገር አታገናኝ ብዬ ለራሴ ስነግረው ከረምኩ። አንቺ ብታውቂ ታለቅሺ ነበር፣ እሷንም ታስወጪያት ነበር።

ራሴን አመመኝ ባለችኝ ጊዜ የጻፍሽው ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። እቃሽን ይዘሽ ዛሬውኑ ወደ ሮማን ሂጂ የሚል መልእክት በጎረቤት ስልክ አስጽፌ ልልክላት ስል ደብዳቤሽ ደረሰ። ተውኩት። ብርድ ነው፣ መስኮቱን ዘግተሽ ተኚ፣ ዝንጅብል እያፈላሽ ጠጪ አልኳት። እሺ አባዬ አለች።

ለልደት ሄደሽ ጠይቂያት። አሁን ማንም አይከለክልሽም። አንቺ ዘንድ መጥታ ዶሮ ብትበላ እወዳለሁ። በእኔ ምክንያት ተራርቃችሁ ከሆነ ይቅር በዪኝ፤ ይህን ቃል አልሰረዝኩትም።

አጎትሽ ሕዝቅያስ


ለንደን
ፌብሩዋሪ 2026

ጋሼ፣

መርዶ በደብዳቤ አይነገርምና ሰዎቹ በማለዳ ቤትዎ እስኪገቡ ዝም ብዬ ቆየሁ። ከፊት ሆኖ የገባው የሐብታሙ ወንድም እንደሆነ ሰምቻለሁ። ለቀብሯ የያኤልን ሬሳ ይዤ እንዳልመጣ መርማሪዎቹ ፓስፖርቴን ጠይቀው አቆዩኝ፤ ይቅርታዎን።

ለቅሶ ላይ ተቀምጠው በሰው የላኩብኝ ጥያቄ ደርሶኛል። «ደብዳቤዬ መቼ ደረሳት?» ብለዋል። የልደት ማግሥት ደረሰኝ። የሥራ ልብሴን ሳልቀይር ዌምብሊ ሄድኩ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሞ ነበር። የልጅቷ ዘመድ ነሽ አሉኝ፤ አዎ አልኩ።

ወንድምየው ከሰል አንድዳ ነው ብሎ ነግሮዎት ከሆነ፣ የያኤልንም እቃ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ከሰል የለም። ዝንጅብል አለ። መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቶ ከሥሩ ፎጣ ተወትፎበታል።

እዚህ የአሟሟት ምክንያት የሚያጣራ ችሎት አለ፤ ለምስክርነት ጠርተውኛል። ሚካል እዚያ ለሚነገር ቃል ማንም ሊከስሰኝ እንደማይችል፣ የፈረምኩትም እንደማያግደኝ ነግራኛለች። የአልታየሽን፣ የክዳኑን፣ የሠራተኛውን ነገር ሁሉ እናገራለሁ። ለመናገር ተፈቅዶልኛል።

ግን የሐብታሙ ጠበቆችም ይጠይቁኛል። ወንድምየው ሊያጽናናዎት ቤትዎ በዋለበት ሰሞን ያቺን ገጽ አግኝቷታል። ትናንት ሚካል ኮፒዋን አሳየችኝ፣ እሷን ብቻ፤ የቁጣዬ ገጽ የለም። ከጎኗ ያያዙት ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ የሟች አባት ስለ ቤቱ ሲጠይቃት ጉድለት የለበትም ብላ በእጇ ጽፋ ፈርማለች፤ ሟች ቤቱ ውስጥ የቆየችው አባቷ ይህን ቃል ስላመነ ነው።

ሚካል «ይሄ እውነት አይደለም ማለት አለብሽ» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ፈለግሁት፣ ጋሼ። ከጻፉት ውስጥ ሐሰት የሆነ አንድ ቃል አላገኘሁም።

ሮማንወርቅ